ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ከቆሻሻ ጋር ደምሯቸዋል። እኔ አልተዋጠልኝም። ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ አካባቢ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ።

ሱቄ ውስጥ አንድ ኮሞዶር 64 አለ። በፈረንጆቹ 1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ከጀርመን የተመለሰ ጎረቤቴ ነው "ካልሠራ ጣለው" ብሎ የሰጠኝ። ሠራ! ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም።

ከጀርባው ባለ 44 እግር የካርድ መሰኪያ አለ። የሜሞሪ አድራሻው፣ ዳታው፣ የሥራውን ምት የሚሰጠው ክሎክ ሁሉ በዚያ ይወጣል። ከሰፈሩ ልጆች ጋር እዚያ የሚሰካ ካርድ እየሠራን ነው። ካርዱ "ኤክስሮም" የሚባለውን መስመር ወደ ዜሮ ሲጎትት፣ ኮምፒውተሩ ከካርዱ 8 ኪሎባይት ያነባል። ገና ሲነሳ "ሲቢኤም80" የሚል ምልክት ይፈልጋል። ካገኘ ሥራውን ለካርዱ ያስረክባል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የሚጮኹትን ጩኸት ብትሰሙ!

ድሮ ለዚህ ሥራ ብዙ ትናንሽ አይሲ (ቺፕ) ይደረደር ነበር። ዛሬ አንድ ፕሮግራም የሚደረግ ሎጂክ ቺፕ ይበቃል። ስህተት ከተገኘ ሽቦ መንቀል የለም፤ ቬሪሎግ በሚባለው የቺፕ መንደፊያ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ አስተካክሎ እንደገና መጫን ነው። ከእነዚህ ቺፖች እኛ የመረጥነው ሲፒኤልዲ የሚባለውን ዓይነት ነው። ኤፍፒጂኤ የሚባለው ሌላው ዓይነት የበለጠ ጉልበት አለው፤ ግን አብዛኛው ዓይነት መብራት ሲጠፋ የተጫነበትን ይረሳል፣ ሲመጣ ከሌላ ሜሞሪ ይጫንለታል። ሲፒኤልዲ አይረሳም። የከተማችንን መብራት የሚያውቅ ይረዳኛል። ቮልቴጁም አለ። ኮሞዶሩ የ5 ቮልት ነው፤ የዛሬ ቺፖች 3.3 ወይም ከዚያ በታች። ዝም ብሎ ያገናኘ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ኤክስሲ9500ኤክስኤል የሚባለው የዛይሊንክስ ኩባንያ ሲፒኤልዲ ግን በ3.3 እየሠራ የ5 ቮልት ምልክት ይቀበላል።

ኮሞዶሩ ቀርፋፋ ነው ትሉ ይሆናል። አዎ፣ 1 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው። በርካሽ ሎጂክ አናላይዘር (የቺፕ ምልክቶችን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) እያንዳንዷን ምልክት ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። በአዲስ ላፕቶፕ ይህ የማይታሰብ ነው።

ኮሞዶር እኛ አገር ከየት ይመጣል? ልክ ነው። ግን አይሳ የሚባለው የድሮ የካርድ መሰኪያ ያላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች በየመጋዘኑ አሉ። እነሱም 5 ቮልት ናቸው፤ መሰኪያቸው 8 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነቶቹን በኪሎ ሸጣቸው። ስደርስ ቦርዶቹ በመዶሻ ደቅቀው ነበር። ከመሸጣቸው በፊት ማስታወቂያ ቢለጥፉ ምን ነበረበት? ቴክኒክ ኮሌጆች በደስታ ይወስዱ ነበር።

እስከዚያው ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሱቄ ጎራ ይበል። ቆራሌው ከሚሰጠው ጨምሬ እገዛለሁ።

የቴሌቪዥን ጠጋኙ፣ ከባሕር ዳር