በክረምት ከሰላችሁ ለምን እምቢ ይላል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ ከገባ ወዲህ ስልካችን የሚጮኸው ባብዛኛው ለአንድ ቅሬታ ነው። «ላቀች ምድጃዬ ደከመ፤ አንድ ጀበና ለማፍላት ሳራግብ ክንዴ ዛለ» ትሉናላችሁ። አዲስ ምድጃ ልንሸጥላችሁ እንችላለን። ግን መጀመሪያ ከሰላችሁን እዩት። ብዙውን ጊዜ ምድጃው ምንም አልሆነም።

ከውሃው እንጀምር። ከሰል ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ዝናብ ሳይነካው፣ እርጥብ ወለል ላይ ስላደረ ብቻ እርጥበት ይስባል። አንድ ኪሎው ውስጥ 200 ግራም ውሃ ካለ፣ የገዛችሁት ከሰል 800 ግራም ነው። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ እሳቱ ድስታችሁን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ ማትነን አለበት። ስለዚህ ለመያያዝ ይለግማል፣ ይጨሳል። ቡና ስታፈሉ ቄጠማው ላይ እየዘለለ የሚያስደነግጣችሁ ፍንጣሪም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ከሰሉን ያፈነዳዋል።

በኪሎ መግዛት ብቻውን አያድንም የምንለው ለዚህ ነው። በማዳበሪያ ስትገዙ ከታች ያለውን ድቃቂና አፈር አታዩትም። በኪሎ ስትገዙ ደግሞ ለውሃው በከሰል ዋጋ ትከፍላላችሁ። እኛ መጀመሪያ እናደርቃለን፣ ከዚያ እንነፋለን፣ መጨረሻ ላይ እንመዝናለን። ዋጋችን ከመንገድ ዳሩ ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህንን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል።

ድቃቂውስ ምን አጠፋ? ራሱ ይነዳል። ችግሩ አየር መዝጋቱ ነው። ላቀች የሚተነፍሰው ከታች ባለችው በር ነው፤ አየሩ በሸክላው ቀዳዳዎች ሽቅብ ወጥቶ ፍሙን ያገኘዋል። ድቃቂው ቀዳዳዎቹን ሲደፍን እሳቱ ይታፈናል፣ እናንተም ማራገቢያ ፍለጋ ትሮጣላችሁ። ላቀች ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል የሚባለው አየር እንደልቡ ሲያልፍ ነው። ከማያያዛችሁ በፊት አመዱን አራግፉ፤ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ በሽቦ ክፈቱት። ከሰሉንም በእጅ እያነሳችሁ ጨምሩ እንጂ ከከረጢቱ አትዘርግፉት።

ሌላው ያልበሰለ ከሰል ነው። እንጨቱ በአፈር ተሸፍኖ ሲከስል ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱ እኩል ካልደረሰው ወይም አክሳዩ ቸኩሎ ካወጣው መሃሉ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ስባሪ አንስታችሁ አጋጩ። የበሰለው እንደ ደህና ሸክላ ይጮኻል። ስትሰብሩት ስብራቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ የእንጨቱ ቀለበቶች እንኳ ይታያሉ። ያልበሰለው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ውስጡም ቡናማ ይላል። ሲነድ ቢጫ ነበልባልና ዓይን የሚለበልብ ጭስ ያወጣል። እኛም ስንረከብ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እጃችንን እስከ ማዳበሪያው መሃል አስገብተን እናወጣለን፤ አፉ ላይ ያለውማ ሁልጊዜ የተመረጠው ነው።

የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል፤ ለዶሮ ወጥ እሱን ውሰዱ። የባሕር ዛፉ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ተያይዞ ቶሎ ያልቃል፤ ለአንድ ጀበና ይበቃል። ብሪኬት፣ ማለትም ከድቃቂ ተጣብቆና ተጨምቆ የተሠራ ከሰል ከወሰዳችሁ፣ ማጣበቂያው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሸክላ አፈር ከሆነ አመዱ ይበዛል። ከጥሩ የእንጨት ከሰል የሚቀረው አመድ ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ቢሆን ነው። አመዱ ውስጥ ቀይ ጓል ካገኛችሁ ግን ለአፈር የከሰል ዋጋ ከፍላችኋል።

አሁን የምንጽፈውን እባካችሁ ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው። ጥሩ ከሰል አይጨስም ማለት አይመርዝም ማለት አይደለም። ማንኛውም ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። «ደህና አድርጎ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» የሚለው ልማድ ስንቱን ቤት አዘግቷል። የቀላው ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ብርድ ነው ብላችሁ ምድጃውን መኝታ ቤት አታስገቡ፣ በሩ ተዘግቶ ከሚነድ ከሰል ጋር አትተኙ። ቤት ውስጥ ስታበስሉ በርና መስኮት ክፈቱ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የእንቅልፍ ስሜት ከመጣ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፤ የደከመ ሰው ካለ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ክረምት ላይ ለማሞቂያ ብሎ ከሰል የሚጠይቀንን ሁሉ ይህንን ሳንነግር አንሸኝም። ሽያጩ ቢቀርብንም ግድ የለም።

ቤት ስትወስዱት ከረጢቱን ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጋችሁ ሳንቃ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፤ ከግድግዳም አርቁት። ከእኛ የገዛችሁት እርጥብ ወይም ያልበሰለ ሆኖ ካገኛችሁት ሙሉውን መልሱት። ጀምራችሁትም ቢሆን እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የከሰልና የምድጃ አቅራቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ