ሹሩባ ከመሠራትሽ በፊት

ሚጣዬ፣

ለጥምቀት ጎንደር ስትመጪ ሹሩባ ተሠርተሽ መምጣት እንዳማረሽ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ታዲያ እስከ መጨረሻው ቀን አትቆዪ። በከተራ ሰሞን ፀጉር ቤት ሁሉ ጢም ይላል፣ የሠሪዎቹም እጅ ይዝላል። አራት አምስት ቀን ቀደም ብለሽ ቀጠሮ ያዢ።

ፀጉር ቤት ስትመርጪ ቲክቶክ ላይ ያለውን ፎቶ ተዪው። አንድ ቀን ጎራ በይና ተሠርተው የሚወጡትን ሴቶች ግንባር እዪ። ቆዳው ተወጥሮ ቅንድባቸው ወደ ላይ ከተሳበ፣ የፀጉሩ ዳር ላይ ትንንሽ ሽፍታ ብቅ ብቅ ካለ፣ ሹልክ ብለሽ ውጪ። የሠሪዋ የራሷ ግንባር የሸሸ ከሆነማ ምን ልበልሽ! ሚዶውንም እዪ። ሳይታጠብ ከራስ ወደ ራስ የሚዞር ከሆነ ቆረቆር ሊያስይዝሽ ይችላል። ዋጋውን ሳትቀመጪ ጠይቂ፤ ዊጉ አብሮ ይታሰብ እንደሆነም።

በቀጠሮሽ ዋዜማ ፀጉርሽን ታጠቢና በደንብ አድርቀሽ አበጥሪው። እርጥብ ፀጉር ሲጎተት ይበጠሳል። አዲስ ዊግ የሚያሳክክሽ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ዘፍዝፊው፣ አለቅልቀሽ አስጪው። ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፤ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሺ።

አንቺ ይሉኝታ ታበዢያለሽ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሲያምሽ «ትንሽ ቻይው፣ ነገ ይላላል» ይሉሻል። አትቻይው! «እህቴ፣ ከግንባሬ በኩል ላላ አድርጊልኝ፣ ዳር ያለውን ለስላሳውን ተዪልኝ» በያት። የጠበቀ ሹሩባ ፀጉሩን ከሥሩ እየሳበ ይነቅለዋል። ቶሎ ከተፈታ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ሥሩ ይሞትና መላጣ ሆኖ ይቀራል። በየሰርጉ የማያቸው፣ ጆሯቸው አጠገብ ያለው ፀጉር ያለቀባቸው ቆነጃጅት ያሳዝኑኛል። ማታ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳሽ ገንዘቤ ሳትዪ ፍቺው።

ካማረብሽም ማታ ማታ የሐር ሻሽ እሰሪበት። በዊግ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ወር ይበቃዋል። ስትፈቺው ወዲያው ሌላ አትደርቢበት፣ ራስሽ ይረፍ።

በራስሽ ፀጉር ከሆነ እዚህ ስትደርሺ ቅቤ እቀባሻለሁ። ዊግ ካስገባሽበት ግን ቅቤ የለም፣ ጨምላቃ ነው የሚሆነው። የቱን እንደመረጥሽ ቶሎ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ለጋ ቅቤ ከገጠር ማስላክ አለብኝ።

እናትሽ