ከድንኳኑ በፊት ስላሉት ወራት፦ ለእድራችን አባላት

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

እናቴ ባረፈች ጊዜ እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎናችን ስላልተለያችሁ ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል። ይህን የምጽፈው ግን ከድንኳኑ በፊት ስለነበሩት ወራት ነው።

የማኅፀን በር ካንሰሩ ተስፋፍቶ ስለተገኘ ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስንመላለስ፣ ከሕክምናው ይልቅ ያደከማት የመንገዱ ርዝመትና የታክሲው ግፊያ ነበር። ሐኪሞቹ ፈውስ እንደማይገኝ ከነገሩን በኋላ ሞርፊን የተባለ የሚጠጣ ጠንካራ የሥቃይ ማስታገሻ ሲያዙላት፣ እኔ ሱስ ያስይዛታል ብዬ ፈርቼ ለሁለት ሳምንት ያህል ከታዘዘው መጠን እየቀነስሁ ሰጠኋት፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለጠና የካንሰር ሥቃይ የሚመክረው ይህ መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ በሐኪም ትእዛዝ መሠረት ሲሰጥ ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ ሞትን አያፋጥንም። የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይገባል፤ ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ስለሆነም እድራችን ከቀብር ወጪ በተጨማሪ አልጋ ለያዘ አባል የትራንስፖርት ድጋፍ እንዲያደርግና ሌሊት በተራ የሚያስታምሙ ሰዎች እንዲመደቡ፣ ጉዳዩ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ።