ስለ በጎ ፈቃድ ኮሚቴዎቻችን የሥራ ድርሻ

ውድ የእንስሳት ሕክምና ማኅበራችን አባላት፣

ኮሚቴ ለመግባት ስማችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ኮሚቴ ያጠናል፣ ያዘጋጃል፣ ይሠራል፤ በማኅበሩ ስም ውል መፈረምና መግለጫ መስጠት የሥራ አስፈጻሚው ነው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው የክትባት ዘመቻ ኮሚቴን ነው፤ ሥራው ግን ከመርፌው በፊት ይጀምራል። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቆርጣል (የገበያ ቀን ከሆነ ባለከብት አይገኝም)፣ በአፋን ኦሮሞ ያስነግራል፣ የማቀዝቀዣ ሣጥኑን ይፈትሻል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቆይ። በረዶው ጠርሙሱን እንዳይነካ ካርቶን ጣልቃ አስገቡ፤ እንደ አባ ጎርባ (የከብት በሽታ) ያለው ክትባት አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም።

የአባ ሰንጋው ክትባት ደግሞ ሕያው ተሕዋስ የያዘ ነው። በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ይታለፍ፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ይህን የሚጠይቀው መዝጋቢው ነው፤ ስለዚህ ከክራሹ (ከብቱ ለመወጋት ከሚያልፍበት ጠባብ አጥር) መግቢያ ላይ ይቁም። መውጫው ላይ ከተቀመጠ ከብቱ ተወግቶ ካለፈ በኋላ ነው የሚጠይቀው!

ውሻ የሚከትቡ አባላት ራሳቸው አስቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይከተቡ፤ ሁለት ዙር፣ በ7 ቀን ልዩነት።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል ጉዳዩ የባልደረባው ወይም የገበያ ተፎካካሪው ከሆነ ከውይይቱ ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በጅማ ሁላችንም ስለምንተዋወቅ ቢያንስ ሁለት ተለዋጭ አባላት ያስፈልጋሉ።

የሥልጠና ኮሚቴው ርዕስ የሚመርጠው ከክሊኒክ የጉዳይ መዝገብ ነው።