16 ቁጥሯ ማሊያ

ቶሮንቶ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 2025)

ይድረስ ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ ዘንድሮ ክረምቱን እኛ ጋር ናቸው። ስምህን ሳነሳባቸው «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ደውለህ ነበር፣ አላነሳሁም። መልእክት ልከህ ነበር፣ አንብቤ ተውኩት። ስለዚህ ቀድሞ መጻፍ የእኔ ዕዳ ነው። በስልክ ከሆነ ነገሩን አድበስብሼ አልፈዋለሁ ብዬ ነው በደብዳቤ የመጣሁት።

እንድጽፍልህ ያደረገኝን ልንገርህ። ማርነር ሄደ፣ የሆኪ ቡድናችን የሊፍስ 16 ቁጥር።

እንደሰማህ አውቃለሁ፣ እናንተም አገር ወሬው ሌላ አልነበረም። ግን ከአንተ በቀር ለማን ልንገረው? ሆኪን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ በማንኪያና በሹካ ጠረጴዛ ላይ ያሳየኸኝን አልረሳም።

ከሜይ ልጀምርልህ። በፕሌይኦፍ፣ በጥሎ ማለፉ፣ ፍሎሪዳን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፍን። ከዚያ ሦስቱን ተከታትለን ተሸነፍን፣ አምስተኛውን እዚሁ በሜዳችን 6 ለ 1። ስድስተኛውን እነሱ ሜዳ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሰፈሩ በሙሉ አበደ። እኔም አመንኩ። ሜይ 18 ወሳኙ ሰባተኛው ጨዋታ መጣ፣ እንደገና 6 ለ 1 ተሸነፍን። በገዛ ቤታችን! ሰዉ ማሊያውን እያወለቀ በረዶው ላይ ወረወረ። ከላይኛው ወንበር የተጣለ አንድ ሰማያዊ ማሊያ እጅጌዎቹን ዘርግቶ ሲወርድ በቴሌቪዥን አየሁት። ልጄ «አባ፣ ለምንድነው ልብሳቸውን የሚጥሉት?» አለኝ። ዝም አልኩት።

የ2013ቱን ታስታውሳለህ? ቦስተን ላይ ሰባተኛው ጨዋታ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 4 ለ 1 እየመራን፣ በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፍን። ያኔ ከመኪናህ ሳንወርድ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ቃል አልተነፈስንም። ያን ዝምታ አብሬህ ስላሳለፍኩት ይሆናል እስከዛሬ በበጎ የማስበው። የዘንድሮውን ግን ብቻዬን ነው የቀመስኩት።

ከዚያ ወቀሳው ሁሉ ማርነር ላይ ወረደ። በመደበኛው ውድድር 27 ጎል አግብቶ 75 አመቻችቷል፣ ድምሩ 102 ነጥብ። በዘጠኝ ዓመት 741 ነጥብ፣ በቡድኑ ታሪክ አምስተኛ። ማርከም ተወልዶ ሊፍስን ሲደግፍ ያደገ ልጅ ነው። ግን ፕሌይኦፍ ሲመጣ ይጠፋል ተባለ። ውሸት ነው አልልህም። ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ስንፈልገው ያላገኘነው ብዙ ጊዜ ነው። ግን ሌሎቹ ኮከቦቻችን፣ ማቲውስስ? ኒላንደርስ? ሁሉም አብረው ነው የጠፉት። የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ነው መሰለኝ ዱላው እሱ ላይ የበረታው። ከሩቅ የመጣውን ሰው እንደ እንግዳ ይታገሡታል፣ የራስን ልጅ ግን በአደባባይ ይቆጡታል።

ጁን 30 ማታ፣ የተጨዋቾች ገበያ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወሬው መጣ። ቬጋስ። ስምንት ዓመት፣ 96 ሚሊዮን ዶላር። በ2025ቱ ደንብ ስምንት ዓመት መስጠት የሚችለው የራሱ ቡድን ብቻ ነው፣ ሌላው ከሰባት አያልፍም። ስለዚህ ሊፍስ አስፈርሞ አሳልፎ ሰጠው፣ በምትኩ ኒኮላ ሩዋን ተቀበለ። አባባ ከሶፋው ላይ ሆነው «ስንት ሸጡት?» አሉኝ። እሳቸው የሚያውቁት የእግር ኳስን ዝውውር ነው። «አልሸጡትም አባባ፣ እዚህ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጁን ጠየቁት?» አሉ።

ይቺ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣችም። ማርነርስ ተጠይቋል፣ ያለ ፈቃዱ የትም እንዳይልኩት ውሉ ላይ አንቀጽ ነበረው። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለው ተጨዋች ግን አንድ ቀን ስልኩ ይጮኻል፣ ሻንጣውን ያዘጋጃል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስወጣል። እኛ ደግሞ ከቤታችን ተቀምጠን «ጥሩ ልውውጥ ነው» ወይም «ተበላን» እንላለን። እኔም ስል ኖሬያለሁ።

ሩዋ መጥፎ ልጅ አይደለም። ትልቅ ሰውነት ያለው ሴንተር (የመሀል ተጨዋች) ነው፣ በ2023 ከቬጋስ ጋር ዋንጫ አንስቷል፣ ደሞዙም 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማቲያስ ማቼሊ ከዩታ፣ ዳኮታ ጆሹዋ ከቫንኩቨር መጥተዋል። ማቲው ናይስን ለስድስት ዓመት አስፈርመናል፣ እሱ ደስ ብሎኛል። እነዚያን 75 ፓኮች (የሆኪ ኳሶች) ለማቲውስ ማን እንደሚያቀብለው ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ጥፋቱ የዘንድሮ ነው ብዬም አላምንም። ያ አንቀጽ መሥራት የጀመረው በጁላይ 2023 ነው። ከዚያ በፊት ወይ በእጥፍ የሚክስ ልውውጥ ማድረግ፣ ወይ ቁጭ ብሎ ውሉን ማራዘም ይቻል ነበር። ሁለቱንም ሳናደርግ ቀኑ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ በልጁ እጅ ሆነ። በእጁ ባለ ቁልፍ ከፍቶ የወጣን ሰው ከሃዲ ማለት ልክ አይመስለኝም።

የእኛው ታቫሬስ ደግሞ እዚሁ ቀረ። ከ11 ሚሊዮን ወደ 4.38 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ለአራት ዓመት ፈረመ። ሰዉ አነባለት። በ2018 ከኒውዮርክ አይላንደርስ ወደ እኛ ሲመጣ በልጅነቱ ሊፍስ የታተመበት አንሶላ ላይ ተኝቶ የተነሳውን ፎቶ አሳይቶን ነበር፣ ትዝ ይልሃል? በፌብሩዋሪ 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አይላንደርስ ሜዳ ሲመለስ ደጋፊዎቹ እየጮኹበት የላስቲክ እባብ ወረወሩበት። እኔና አንተ ያን ማታ ሶፋው ላይ ሆነን ስንስቅ ነበር። «ምን ሆነዋል እነዚህ ሰዎች!» እያልን። አሁን ገባኝ ምን ሆነው እንደነበር። የሚወዱት ሰው ጥሏቸው ሄዶ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላምጣው። በ2022 ኤድመንተን ሥራ አገኘሁ ስትለኝ ጉዞህ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው። «መልካም መንገድ» አልኩህ፣ ልሸኝህም አልመጣሁም። ለሰው ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ተቀይሜህ ነበር። አስር ዓመት በየቅዳሜው አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ሳያማክረኝ እንዴት ይሄዳል አልኩ። ልጆች ነበሩህ፣ የቤት ኪራይ አንቆህ ነበር፣ ሁሉንም አውቅ ነበር። በሚያዝያ 2023 ታቫሬስ ታምፓ ላይ በጭማሪ ሰዓት ሲያገባና ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያውን ዙር ስናልፍ፣ ስልኬን አንስቼ ስምህን አወጣሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያን ደስታ ካንተ ነፍጌ ራሴም ግማሹን አጣሁት። ይቅር በለኝ።

አሁን አንተ ባለህበት ከተማ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ደጋግሜ አስባለሁ። በዚህ ወር የኤድመንተኑ ኮከብ ግሬትዝኪ ከተለወጠ 37 ዓመት ሞላው፣ ኦገስት 9፣ 1988። ለሎስ አንጀለስ ሲሰጡት ኤድመንተን ያገኘችው ሁለት ተጨዋች፣ ሦስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት (የአዳዲስ ተጨዋቾች ምርጫ) ዕድልና 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሱ በመግለጫው ላይ አለቀሰ። ሰዉ የቡድኑን ባለቤት ምስል ሠርቶ አቃጠለ። በዓመቱ ግን የኤድመንተን ሕዝብ ለሄደው ሰው ሐውልት አቆመለት፣ ዋንጫውን ከራሱ በላይ አንስቶ። ዛሬ የቡድናችሁ አዳራሽ ሮጀርስ ፕሌስ ደጅ ላይ ነው አይደል? በዚያ ስታልፍ አስተውለኸው ታውቃለህ? እኔ ፎቶውን ሳየው የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ቁስሉ ሳይሽር፣ ሰውዬው የሌላ ከተማ ማሊያ ለብሶ እየተጫወተ ሳለ ነው ያቆሙለት።

የእናንተም ክረምት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፍጻሜውን በ2024 ሰባተኛው ጨዋታ ላይ፣ ዘንድሮ ስድስተኛው ላይ፣ ሁለቱንም በዚያው በፍሎሪዳ ተሸነፋችሁ። ኬን ወደ ቫንኩቨር፣ አርቪድሰን ወደ ቦስተን ሄዱ። የፔሪ ግን አንጀቴን በላው። በ40 ዓመቱ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አምስተኛውን ፍጻሜ ተሸንፎ፣ አሁን አራት ዓመት በተከታታይ ከፕሌይኦፍ ያስወጣችሁት ሎስ አንጀለስ ገባ። አምና ደግሞ ሆሎዌይንና ብሮበርግን ሴንት ሉዊስ በአንድ ቀን ውል አቅርቦ የጠየቀባችሁን ሰሞን ሳየው ወደ አንተ ነው ሐሳቤ የሄደው። ሰባት ቀን አስባችሁ ለቀቃችኋቸው። አሁን ደግሞ ኮከባችሁ ማክዴቪድ የመጨረሻው የውል ዓመቱ ውስጥ ሊገባ ነው፣ አልፈረመም። እንዴት ነው የምትተኛው? እውነቴን ነው፣ ከልቤ እጸልይላችኋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ልጄ 16 ቁጥር ማሊያ አለው፣ በሰባት ዓመቱ ለልደቱ የገዛሁለት። ወሬው በመጣ ማግስት ከመስቀያው አውርዶ «ስሙን አንሳልኝ» አለኝ። ሰፈር ውስጥ ልጆች ስቀውበታል። ትንሿን መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያዋ ፊደል ጥግ አራት አምስት ክር ቆረጥኩና ጨርቁን ገለጥ አደረግኩት። ከሥሩ ያለው ሰማያዊ እንዳዲስ ደማቅ ነው። ዙሪያው በእጥበትና በፀሐይ ደብዝዟል፣ ከፊደሉ ሥር ያለው ግን የተገዛ ቀን የነበረው ቀለም ነው። ልጄ ጠጋ ብሎ አየው። «ስታነሳው ስሙ በሰማያዊ ይቀራል?» አለኝ። «አዎ፣ ለረጅም ጊዜ ይቀራል» አልኩት። «ተወው በቃ» አለኝ። እናቱ መልሳ ሰፋችው። ትናንት ለብሶት ወጥቶ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ዋለ።

ጃንዋሪ ላይ ቬጋስ ወደዚህ ይመጣል። አዳራሹ እንደሚጮኽበት ከአሁኑ ታውቆኛል። እኔ ግን ተነስቼ አጨበጭባለሁ፣ ልጄንም አስነሳዋለሁ። ሥራህ ከፈቀደልህ ሦስተኛውን ትኬት ለአንተ እይዛለሁ። መኝታህ የድሮዋ ክፍል ናት፣ አባባም እስከዚያ ይቆያሉ።

ቁጥሬ አልተቀየረም። ስትደውል አነሳለሁ።

ወንድምህ