ወደ አዋቂዎች ክፍል ለሚዛወሩ ልጆቻችን

ውድ አባላት፣

ልጄ በ18 ዓመቷ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ሕክምና ስትዛወር ሲክል ሴሉ (በዘር የሚወረሰው የደም ሕመም) ያው ነበር፤ የሚያምናት ሰው ግን ጠፋ። የጣና የማታ ብርድ ሕመሟን ቀስቅሶባት ሌሊት ስንደርስ ተረኛው «ደህና ትመስያለሽ» አላት። ማጭድ የመሰለው የደም ሕዋስ ቀጭኑን የደም ሥር ሲዘጋ ሕመሙ ሁልጊዜ ፊት ላይ አይነበብም! ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሲስተር ዝም ስትል ብቻ አይተው ይረዱላት ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱን በ14 ወይም በ15 ዓመታቸው እንጀምር። ልጁ ለሐኪሙ ራሱ ይናገር፤ እኛ ወላጆች ዝም እንበል (ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር)። የሃይድሮክሲዩሪያ (ሕመሙ እንዳይደጋገም የሚወሰደው መድኃኒት) መጠኑን፣ የተለመደ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ልኩንና የሚያስታግስለትን መድኃኒት በደብተር ይያዝ። ትኩሳቱ 38.5 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ስንገናኝ ደብተሮቹን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንሞላቸዋለን።