የታሪክ ክበብ፦ ከአንድ ምሽግ ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን የከረመው አንድ ምሽግ ላይ ነው። ምሽጉ ያለው አትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል፣ ከፖርቱጋል የአዞረስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በተርሴይራ ነው። ሳዎ ዣዎ ባፕቲስታ ይባላል፤ የአንግራን ከተማና ወደብ ከላይ ሆኖ ያያል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሞዴል በመሥራት አለቀ። ልጆቹ የሞንቴ ብራዚልን ጋራ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ አቆሙት፤ ዙሪያውን የካርቶን ግንብ አጠሩበት። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ካርታውን እያየች ግንቡን ስትለጥፍ ቆየችና «ቲቸር፣ ጠላት የሚመጣው በባሕር ከሆነ ትልቁ ግንብና ጉድባው ለምን ወደ ከተማው ዞረ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አስተማሪን ደስ ያሰኛል።

መልሱን አብረን ፈለግን። የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስ የፖርቱጋልን ዘውድ ሲደርብ ተርሴይራ እምቢ ብላ ነበር። በጦር የያዛት እ.ኤ.አ. በ1583 ነው። ምሽጉን በ1590ዎቹ ማሠራት ሲጀምር ከህንድና ከአሜሪካ ሀብት ጭነው አንግራ የሚያርፉትን መርከቦች ለመጠበቅ ነበር፤ የከተማውን ሕዝብም ግን አላመነውም። ፖርቱጋል በ1640 ከስፔን ስትላቀቅ የደሴቲቱ ሰዎች ምሽጉን በየብስ ከበቡት። ስፔኖቹ ከ1641 እስከ 1642 ለአሥራ አንድ ወር ያህል ተዘግቶባቸው ከርመው እጃቸውን ሰጡ።

በሁለተኛው መንፈቅ ወደ እስረኞቹ ዞርን። በወንድሙ ሥልጣኑን የተነጠቀው የፖርቱጋል ንጉሥ ሳድሳዊ አፎንሶ ከ1669 እስከ 1674 እዚያ ተግዟል። የልጆቹን ልብ የያዘው ግን በዛሬዋ ሞዛምቢክ የነበረው የጋዛ ንጉሥ ንጉንጉንያኔ ነው። ፖርቱጋሎች በታኅሣሥ 1895 ቻይሚቴ ላይ ማረኩት። በማርች 1 ቀን 1896 ኢትዮጵያውያን አድዋ ላይ ድል ሲያደርጉ፣ እሱ በመርከብ ወደ ሊዝበን እየተወሰደ ነበር። ልጆቹ ሁለቱን ክስተቶች በግድግዳችን የዘመን መስመር ላይ ጎን ለጎን ለጠፏቸው። ማንም ሳያዛቸው ነው። ንጉንጉንያኔ በዚያው ዓመት ወደ ተርሴይራ ተጋዘ፤ አገሩን ዳግም ሳያይ በ1906 እዚያው ሞተ። አጽሙ ወደ ሞዛምቢክ የተመለሰው በ1985 ነው።

ሞዴሉ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስላለ ሄዳችሁ እዩት። በሚቀጥለው ዓመት የጋዛን መንግሥት ራሱን እናጠናለን። ስለ ንጉሡ ካነበብነው አብዛኛውን የጻፉት ያሰሩት ሰዎች ናቸው፤ ልጆቹም በዚህ አልረኩም፣ እኔም አልረካሁም።